አራት ጣት ከፍታ

መልእክቱ ሲደርስ መኪናዋ አራቱም ጎማዎቿ ወልቀው በክሪክ ተሰቅላ ነበር።

ባለቤቷን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነፋሱ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ነጋዴና ቀያሽ እየጫነ በረሃውን በማቋረጥ ይተዳደራል፤ ልቡ ያለው ግን በአሸዋ ተራሮች ላይ በሚካሄደው የመኪና ውድድር ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ጋራዥ የመጣውም ለውድድሩ መኪናዋን አንድ ሙሉ ስንዝር ከፍ ሊያስደርጋት ነበር። ረጃጅሞቹ አዳዲስ ሞላዎች ዘይት በጠገበው ወለል ላይ ቆመዋል። የጋራዡ ባለቤት፣ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ብሎን የሚሉት ሰውዬ፣ ሞላዎቹን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ያደንቃቸዋል።

ታላቅ እህቱ የነርስ ጋወኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ገባች።

«አባባ ወድቀዋል!» አለች። «ከጣቢያው ማማ ላይ። ባልደረባቸው አሁን በሬዲዮ ነገረኝ። ዳሌያቸው ተሰብሯል።»

አባታቸው በበረሃው ማዶ የሚገኝ የአየር ጠባይ መከታተያ ጣቢያ ኃላፊ ናቸው። የጣቢያው መኪና ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ሰነባብቷል፤ የመሥሪያ ቤቱ አውሮፕላን ደግሞ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው የለም።

ነፋሱ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። «ብሎን፣ ቶሎ ግጠማትና እንሂድ።»

«ስንዝሩን እገጥምልሃለሁ» አለ ብሎን። «ድንጋይ የሚባል ነገር ሆዷን አይነካውም። ሞላውም ጠንካራ ነው። የፈለግከውን ያህል ውሃና ነዳጅ ጫንባት፣ ንቅንቅ አትልም።»

«ስንመለስስ?» አለች እህቱ። «ውሃውም ነዳጁም አልቆ፣ ባዶ መኪና ውስጥ ዳሌያቸው የተሰበረ ሰው አስተኝተን? እያንዳንዷ ጉድጓድ አጥንታቸውን ታፋጨዋለች። ውስጥ ለውስጥ ከደሙ እዚያ በረሃ ላይ ምንም ላደርግላቸው አልችልም።»

ነፋሱ ከሞላዎቹ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እስከዛሬ መኪና ሲያሰራ አእምሮው ውስጥ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ምን ያህል እፈጥንባታለሁ? አሁን ግን መሪ እንደያዘ ሳይሆን እንደ አባቱ በመኪናዋ ወለል ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ሆኖ መንገዱን በሐሳቡ ለማየት ሞከረ። ጠንካራው ሞላ ከባድ ጭነት ሲኖርበት ጥሩ ነው፤ ጭነቱ ሲወርድ ግን እንደ ኳስ ያነጥራል። ለስላሳው ሰው አይጎዳም፤ ጭነት ሲበዛበት ግን ይተኛና የመኪናዋን ሆድ ከድንጋይ ጋር ያገናኛል። ስንዝር ያህል ከፍ ያለች መኪና ደግሞ ከድንጋዩ ብታመልጥም በአሸዋው ተዳፋት ላይ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች።

«አራት ጣት ብቻ ከፍ አድርጋት» አለ በመጨረሻ። «ለስላሳውን ሞላ ግጠምልኝ። አሞርዛተሩ ግን ካለህ ሁሉ ምርጡ ይሁን። ስትነጥር አፈፍ አድርጎ የሚይዛት እሱ ነው።»

«አብደሃል? በለስላሳ ሞላ ምኑን ትጭንበታለህ?»

«ጭነት እቀንሳለሁ።»

«ምን ትቀንሳለህ?» አለች እህቱ።

«ትርፍ ጎማ፣ ድንኳን፣ ዕቃ…» ቀና ብሎ አያት። «ውሃም ጭምር፣ እትዬ። ለሦስት ሰው የሚሆን ውሃ እንይዛለን። ለመጥፎ ዕድል የሚሆን ግን አንይዝም።»

እትዬ ጋወኗን አውልቃ ጠቀለለችና «እሺ፣ ግጠሙት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጡ። አስፋልቱ አልቆ ድንጋያማው ሜዳ ሲጀምር ነፋሱ የምርጫውን ዋጋ ወዲያው ቀመሰው። ስንዝሩን አስገጥሞ ቢሆን ኖሮ ሽው ብሎ የሚያልፈውን ድንጋይ አሁን እየወረደ በእጁ ማንሳት ነበረበት። ይወርዳል፣ ያነሳል፣ ይገፋል፣ ይመለሳል። አንዴ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ላይ ሲፋጭ ጥርሱን አፋጨ።

«ተሳስቼ ይሆን?» አለ።

«እኔ እንጃ» አለች እትዬ። «ተመልሰን ስንመጣ ይታወቃል።»

በማግስቱ ነፋሱ አድማሱ ላይ ቡናማ ግድግዳ ቆሞ አየ። መሪውን ጠምዝዞ የመኪናዋን ጀርባ ለሚመጣው አውሎ ነፋስ ሰጠና መስኮቶቹን ዘጋጋ። አሸዋው እየጮኸ መጥቶ ዋጣቸው። ቀኑ ጨለመ። መኪናዋ በአራት እግሯ ተንቀጠቀጠች፤ ደቃቁ አሸዋ በማይታይ ቀዳዳ ሁሉ እየሾለከ ምላሳቸው ላይ ደረሰ። እትዬ ሻርፗን አፏ ላይ ጠምጥማ ጉልበቷን አቀፈች። ሁለቱም የሚያስቡት ያው አንድ ሰው ነው።

አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ተቀብረው ነበር። በአካፋ ቆፍረው ካወጧት በኋላ ነፋሱ የአሞርዛተሩን ብሎኖች ሊፈትሽ ከሥሯ ገባ። አንዱ ላልቷል። ቁልፉን አስገብቶ ማጥበቅ ሲጀምር እትዬ ከውጭ በቀስታ ጠራችው።

«ወንድሜ።»

«እ?»

«እንዳትንቀሳቀስ። እጅህንም አታውርድ።»

አንገቱን ሳያዞር ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን ላከ። ከጆሮው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የመኪናዋን ጥላ ፈልጎ የመጣ እፉኝት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀለሙ የአሸዋው ነው፤ ምላሱ ባይወጣና ባይገባ ድንጋይ ይመስላል። የነፋሱ ወደ ላይ የተዘረጋ ክንድ ይዝል ጀመር። ላቡ ወደ ዓይኑ ወረደ፤ አልጠረገውም። በሕይወቱ ዝም ብሎ መቆየት እንዲህ የከበደው ጊዜ የለም። እትዬ በሆዷ ተኛች፤ የአካፋውን ጫፍ በአሸዋው ላይ እየገፋች፣ እየገፋች አስጠጋች። ከዚያ ባንዴ ወደ ውጭ ጠረገችው። እፉኝቱ ፀሐይ ላይ ወድቆ ተገለባበጠና ወደ ጎን እየተሳበ ሄደ።

ነፋሱ ከሥር ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

«ብሎኑን አጠበቅከው?» አለች እትዬ።

ሁለቱም ሳቅ ያዛቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ጣቢያው የደረሱት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። አባታቸው በጠባቡ ክፍል ውስጥ፣ በመለኪያ መሣሪያዎች መሐል፣ በሁለት ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቀልዳቸው ግን አልሞተም።

«ነፋሱ ነው የመጣው?» አሉ። «እንግዲህ ከማማው የተረፈውን አጥንቴን እሱ ይጨርሰዋል።»

ልጅየው ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

እትዬ እግራቸውን በጣውላና በጨርቅ አስራ አጠበቀች። ፍራሽ በመኪናዋ ወለል ላይ አነጠፉ፤ ከጣቢያው ባልደረባቸው ጋር ለሦስት ተሸክመው አስተኟቸው። ባልደረባቸው ከራሱ ድርሻ ነዳጅ ጨመረላቸው፤ ውሃ ግን እሱም የሚበቃው አልነበረም።

የመልሱ ጉዞ ሌላ ጉዞ ሆነ። ነፋሱ ከጎማዎቹ ትንሽ አየር አስተነፈሰ። የሚነዳው በዓይኑ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ከኋላ የሚመጣውን የአባቱን ትንፋሽ እያዳመጠ ነበር። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ያቀዘቅዛል፤ ሲረጋጋ ትንሽ ይጨምራል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሞላው እጥፍ ይላል፣ አሞርዛተሩ ይቀበላል፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ትነሳለች። «ይኼ ደህና ነበር» ይላሉ አባት አንዳንዴ። ነፋሱ ውድድር አሸንፎ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከገደልና ከአሸዋ ተራራ መሐል ባለ ጠባብ መተላለፊያ አፍ ላይ አንዲት መኪና መንገዱን ዘግታ ጠበቀቻቸው። ነዳጅ በድብቅ የሚያሻግሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። መኪናቸው ከስንዝር በላይ ከፍ ብላለች፤ ሰው ጎንበስ ብሎ በሥሯ ያልፋል። ራሱ ላይ ሻሽ የጠመጠመው ሹፌር ከላይ ወደ ታች አያቸው።

«ጀሪካኖቹን አውርዱና በሰላም እለፉ።»

«በሽተኛ ይዘናል» አለ ነፋሱ። «ነዳጁን ከሰጠንህ ከተማ አንደርስም።»

«እኛም የጫንነውን ሸጠን ጨርሰናል፤ ካልሰጣችሁን አንደርስም።»

ባለ ሻሹ ሊወርድ በሩን ሲከፍት ነፋሱ ማርሽ አስገባ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘና የመኪናዋን አፍንጫ በአሸዋው ተራራ ጎን ላይ አወጣት። «አባባ፣ ትንሽ እንጋደማለን! እትዬ፣ ያዣቸው!» መኪናዋ ጎኗን ሰጥታ ተዳፋቱን ማቋረጥ ጀመረች። አሸዋው ከታችኞቹ ጎማዎች ሥር እየተናደ ወረደ። ነፋሱን እግሩ ነዳጁን እንዲጫን ለመነው፤ እሱ ግን አልጫነም። በእርምጃ፣ በእርምጃ ብቻ። ፍጥነቱ ቢጨምር አባቱ ይንከባለላሉ፤ ቢቆም ሁሉም ይንሸራተታሉ።

ከኋላ ሞተር አጓራ። ባለ ሻሹ ከላይ በኩል ቀድሞ ሊቆርጣቸው ተዳፋቱን በሙሉ ኃይል ወጣው። ነፋሱ በመስታወቱ አየው፦ የላይኞቹ ጎማዎች አሸዋውን ለቀቁ፣ ረጅሟ መኪና አንዴ ያመነታች መሰለች፣ ከዚያ ተገለበጠች። እየተንከባለለች ወርዳ ታች በጣሪያዋ ቆመች። ጎማዎቿ ሰማይ ላይ ይሽከረከራሉ።

ነፋሱ ተዳፋቱን ጨርሶ ወደ ሜዳው ወረደ። አሁን መጫን ይችላል። ጫነም።

«ምን ነበር ድምፁ?» አሉ አባት ከኋላ።

«ተገለበጡ።»

«ታዲያ ወዴት ነው የምንሄደው?»

ነፋሱ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አላነሳም። ተናዶ ነበር፤ ደግሞም ፈርቷል። ውሃቸው በልክ የተቆጠረ ነው፤ የአባቱ ፊትም ከሰዓት ሰዓት እየጠቆረ ነው። እትዬን በመስታወቱ ፈለጋት። እሷ ቀድማ የቁስል ማሸጊያ ቦርሳዋን መክፈት ጀምራለች። መሪውን አዞረ።

ጓደኛየው በመስኮት ሾልኮ ወጥቶ ጭንቅላቱን ይዞ ያለቅሳል። ባለ ሻሹ ውስጥ ተሰንጎ ክንዱ ተጣሟል። ጎትተው አወጡት። እትዬ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ክንዱን አሰረችለት፤ ሰውየው አንድም ጊዜ ዓይኗን አላየም። ነፋሱ የብረት ገመድ አያይዞ በመጎተት መኪናቸውን በጎማዋ አቆመላቸው። ሞተሯ ጭስ ተፍታ ብዙ ካስለመነች በኋላ ተነሳች። ነፋሱ ከነዳጁ ጥቂት ቀዳላቸው። ከውሃውም አንድ ጠርሙስ ሰጣቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ባለ ሻሹ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«በደረቁ ወንዝ ልትሄድ ነው?»

«በእሱ ነው የመጣነው።»

«አትሂድበት። ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ላይኛው አገር ዘንቧል፤ ወንዙ ጭቃ ሆኗል፤ ከገባህ አትወጣም። በስተግራ ጥቁሩን የጠጠር ሜዳ ያዝ። ይረዝማል፤ ግን አይነቀንቅም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአባትህ ይሻላቸዋል።»

የጠጠሩ ሜዳ በእርግጥም ረጅም ነበር። ፀሐይዋ ጣሪያውን ትጠብሳለች። እትዬ የራሷን የውሃ ድርሻ በጨርቅ እያራሰች በአባቷ ከንፈር ላይ ታንጠባጥባለች፤ የእሷ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ደምቷል። ነፋሱም ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ነበር። ሆኖም መሪው ላይ ያሉት እጆቹ አልቸኮሉም።

የከተማው ውሃ ማማ ብቅ ያለው በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። አስፋልት ላይ ወጡ። ያኔ ነው ነፋሱ የኋላው ጸጥ ማለቱን ያስተዋለው።

«አባባ?»

መልስ የለም።

«እትዬ?»

እሷም ዝም አለች። በመስታወቱ የሚታየው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ዞሮ ለማየት አቃተው። ቆሞ ማየትም አልቻለም፤ ቢያቆም የሚያየውን ፈራ። በሁለት እጁ መሪውን እንደያዘ፣ ሳይፈጥን ሳይቆም፣ ሆስፒታሉ በር ድረስ ነዳ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ዞረና የኋላውን በር ከፈተ።

እትዬ ከፍራሹ ጠርዝ ጋር ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ጥሏታል። እጇ የአባቷን የደም ሥር እንደያዘ ነው። አባት ደግሞ ራሳቸውን ጭኗ ላይ ጥለው፣ ቀስ ብለው፣ በረጅሙ ያንኮራፋሉ።

የበሩ ጥበቃ እየጮኸ መጣ። «እዚህ መቆም ክልክል ነው! አንሳ! አንሳ!»

ነፋሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ቀስ በል ወንድሜ» አለው በሹክሹክታ። «አባቴ ተኝተዋል። ቃሬዛ አስመጣልኝ።»

ጥበቃው ወደ ውስጥ አየና ድምፁን ውጦ ተመለሰ። ነፋሱ ግን ፀሐይዋ የአባቱን ፊት እንዳትመታው በተከፈተው በር ላይ ቆሞ፣ በሰውነቱ ጥላ አጠላላቸው።