ከተደረደሩት ወንበሮች በኩል የመጣው ሳቅ

መቱ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ እንግዳ ነው። ደምሴ እባላለሁ፣ ጋሼ ደምሴ ይሉኛል፣ ፊደል የቆጠርኩት አስተማሪ ሳይኖረኝ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ የወፍጮ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማርኩት አንዱን አበላሽቼ መልሼ በመጠገን ነው፣ ዛሬ የምነዳትን ደብል ጋቢና ፒክአፕ ከተጣሉ መኪኖች አካል ሰብስቤ ያቆምኳት እኔው ነኝ፣ የአፋን ኦሮሞውን ቁቤም ቢሆን ልጄ ሰላም አንደኛ ክፍል ስትገባ ከጎኗ ተቀምጬ ከእሷ ቀድሜ ጨርሼዋለሁ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም፣ ለጉራም ቢሆን የሚያንስ አልነበረም፣ ግን የሚያወራችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው። ምክንያቱም እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ሞተር ሲጮህ ምክንያት አለው፣ ሽቦ ሲሞቅ ምክንያት አለው፣ ኮርኒሳችን ላይ ኮቴ ተሰማ ብለው የጠሩኝ ጎረቤቶች ዘንድ ባትሪ ይዤ ሄጄ አይጧን አሳይቼ የተመለስኩ እኔ ነኝ። ታዲያ የዚያችን ምሽት ነገር ምክንያቱን ፈልጌ ፈልጌ ማጣቴን ስነግራችሁ፣ የፈለግሁት እኔ መሆኔን አትርሱ።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። እዚህ ከተማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ክፍት መድረክ ያዘጋጃሉ፣ የፈለገ ወጥቶ ግጥም ያነባል፣ ይዘፍናል፣ ስታንዳፕ ኮሜዲ የሚሉትን ብቻውን ቆሞ የማሳቅ ሥራም ይሞክራል። መድረኩን የሚመራው ለሊሳ የሚባል ቀልጣፋ ልጅ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስሜን መዝግብ ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣

«ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት መስሎዎት ነው? እዚህ እኮ የሚያስቁ ናቸው የሚወጡት» አለኝ።

«ለቅሶ ቤትም አስቄ አውቃለሁ» አልኩት፣ እውነቴን ነበር፣ ሐዘንተኛ ይዘው የሚያድሩ ሰዎች እኔን ካላስጠሩ ሌሊቱ አይነጋላቸውም።

ወጣሁ። በግማሽ አማርኛ በግማሽ ኦሮምኛ አዳራሹን ገለባበጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሳልወጣ የቀረሁበት ቅዳሜ የለም፣ ወጣቶቹ ከስልክ አይተው የሌላ ሰው ቀልድ ሲደግሙ፣ እኔ ፒክአፔ ውስጥ ተቀምጬ የራሴን እፈጥራለሁ፣ ለማንም ሳልነግር፣ ለባለቤቴ ለአስካለ እንኳ ሳልነግር መድረክ ላይ እወስደዋለሁ። የማሳቅ ሥራ ዋናው ምስጢር፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ከመጨረሻው ቃል በፊት የምትተወው ትንፋሽ ነው። ሰው ሊስቅ አፉን ይከፍታል፣ አንተ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ ትለቅበታለህ።

የዚያ ቀን ታዲያ ለሊሳ በር ላይ ተቀበለኝና፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት እንግዶች ፊት ወንበር ላይ መቀመጣቸውን፣ ለትልቅ መድረክ ሰው እየመረጡ መሆናቸውን በጆሮዬ ነገረኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ አደራ» አለኝ። እኔ ደግሞ ልቤ በሌላ ደስታ ተሞልታ ነበር። ሰላም ኡካ ነው ተድራ የምትኖረው፣ ባሏ ገመቹ እዚያ አስተማሪ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል፣ እንደ ደንቡ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ስለሆነ በማግሥቱ ወደ እኛ ልትመጣ ነው። አስካለ የገንፎውን ዱቄት አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ጓዳውን በአዲስ መጋረጃ ከልላ ትጠብቃለች። አዋላጇ ጎረቤታችን ስለሆነች ስለ ሐኪም ቤት ያሰበም የለ።

ዝናቡ ጀምሯል። የዚያ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ሲበረታ መድረክ ላይ ያለ ሰው ንግግሩን አቁሞ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ልምዳችን ነው። ባባራበት ሰዓት ወጣሁና በትምህርቴ ጀመርኩ። ልጄን ተከትዬ ቁቤ መማሬን፣ አስተማሪዋ ለወላጅ ስብሰባ እንዳስጠራችኝ ነገርኳቸው። «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ወደ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች አለችኝ» አልኩና ትንፋሼን ተውኩ።

በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ።

ከግራ ጥግ በኩል ነው፣ ለሠርግ የሚያወጧቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ከሚቆሙበት። አጭር፣ ደረቅ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ። እኔ ገና «እርስዎ ግን ይደግማሉ» አላልኩም። አልኩት፣ አዳራሹ ፈነዳ፣ ያ ሰው ግን ከሌሎቹ ጋር አልሳቀም፣ የእሱን ቀድሞ ጨርሶታል።

አንድ ቀልጣፋ ገምቶት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ የሐኪሙን ነገር አመጣሁ፣ ሐኪሙ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቡና የለም» ይለኛል፣ የኔ መጨረሻ «ኢሉባቦርን ልቀቅ በለኛ» የሚል ነበር። ትንፋሼን ልተው ስል ወደ ጥጉ አየሁ፣ ከወንበሮቹ በቀር ማንም የለም፣ ሳቁ ግን መጣ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ እመኑኝ፣ እዚያው አፌ ላይ መጨረሻውን ቀየርኩት፣ ዝም ብዬ ቆምኩና በራሴም ጭንቅላት ውስጥ ያልነበረ ነገር ፈጠርኩ፣ «እንዲህ እያለኝ የራሱን ሲኒ በወረቀት ይሸፍናል» ልል። የሲኒዋ ነገር ገና ከአእምሮዬ ወደ ምላሴ ስትወርድ ሳቁ ሁለተኛ ተሰማ። እንደ መጀመሪያው አይደለም፣ «ይቺኛዋ ትሻላለች» እንደሚል ሰው ነበር የሳቀው።

የሲኒዋን ነገር አልኳት። አዳራሹ እያጨበጨበ ነው፣ ከእንግዶቹ አንዷ ዓይኗን እየጠረገች ነው፣ እንዲህ አሳምሬ አስቄ አላውቅም፣ ዓይኔ ግን ከጥጉ አልተነቀለም። ወደ አያትነቴ ቀልድ ልሻገር ብዬ፣ ቀልድ ያልሆነ፣ እንዲያው መንደርደሪያ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

«ነገ ልጄ ከኡካ ትመጣለች።»

ይኸው ነው። ከዚህ በቀር አንድ ቃል አልጨመርኩም። ያ ሳቅ ግን ተነሳ፣ ይህኛው አጭር አልነበረም፣ ሆዱን ይዞ እንደሚስቅ ሰው ረዘመ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ አረፈ፣ እንደገና ጀመረ። ሌላ የሳቀ የለም፣ የሚያስቅ ነገር ስለሌለ። አዳራሹ ቀጥሎ ምን ሊል ነው ብሎ እኔን ይጠብቃል። ከዚያ ሳቁ ቆመና ከጥጉ ጉሮሮውን የጠረገ ሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥል እንደማለት።

እስካሁን የሳቀው የነገሩ መጨረሻ ላይ ያለውን እያየ ነው። ታዲያ የዚህኛው መጨረሻ ምንድነው?

ማይኩን መሬት ላይ አስቀምጬ ወረድኩ።

ለሊሳ በር ላይ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ! እንግዶቹ እኮ... ወዴት ነው?»

«ልጄ ጋ።»

«ነገ አይደል እንዴ የምትመጣው?»

«በእሱ ነው የሳቀብኝ» አልኩት፣ ምን እንደገባው እንጃ፣ ክንዴን ለቀቀው።

የኡካን መንገድ በዚያ ዝናብ የሚሞክር ሾፌር አታገኙም፣ እኔ ግን ሞከርኩት፣ ጭቃው ጎማዬን ሲይዝ በታኮ እያወጣሁ፣ መጥረጊያው ሲቆምብኝ በእጄ እያንቀሳቀስኩ ደረስኩ። በራቸውን ስገፋ እራት ላይ ናቸው። ሰላም ጉልበቷ ላይ ሰሃን አስቀምጣ ገመቹ የነገራት ነገር እያሳቃት ነው።

«አባባ! ምን ሆነሃል? እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልብስሽን ልበሺ፣ እንሄዳለን።»

ገመቹ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። «ማል ታኤ ጋሼ? ምን ተፈጠረ? ነገ በጠዋቱ መኪና እኮ ቦታ ይዤላታለሁ። በዚህ ዝናብ እንዴት ይሆናል?»

«ነገ አይሆንም።»

«ለምን?»

ምን ልበለው? ባዶ ወንበር ሳቀብኝ ልበለው? «አባቷ ነኝ፣ አይሆንም ካልኩ አይሆንም» አልኩት። ሰላም ሰሃኑን ከጉልበቷ አንስታ፣ «እንሂድ ገሜ፣ አባባ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም» አለች። ደግ ልጅ ናት።

ከኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ራሷን ባሏ ጭን ላይ አደረገች። ገመቹ አኩርፎ በመስኮት ጨለማውን ያያል። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት፣ ከኋላዬ የልጄን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ብላ፣ ባሏ እንዳይሰማ እንደምትፈራ ሆና፦

«አባባ፣ ከምሳ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»

«ምን?»

«ከምሳ ጀምሮ። ቤት አትውሰደኝ።»

ከዚያ በኋላ የነዳሁትን አነዳድ እኔ ነኝ የማውቀው። መቱ ስንገባ የቤታችን በር ላይ መብራት በርቷል፣ አስካለ የመኪናዬን ድምፅ ለይታ ጥላ ይዛ ወጥታ ቆማለች፣ ለሊሳ ነግሯት ነው መሰለኝ። እጇን ስታወዛውዝ በመስኮት አየኋት፣ አላቆምኩም። ገመቹ፣ «ጋሼ፣ ቤቱን አለፍነው!» ብሎ ጮኸ። «አውቃለሁ» አልኩት። ሐኪም ቤት ስንደርስ የኋላውን በር ከፈትኩ፣ ልጄ ስትነሳ ወንበሩ ላይ ደም ነበር።

ወዲያው ቀዶ ሕክምና አስገቧት። ሐኪሟ ስትወጣ እጇን ታጥባ እንኳ አልጨረሰችም። «እናቲቱ ተርፋለች» አለች። ስለ ልጁ ስትነግረን ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ወንድ ልጅ ነበር።

«መቼ ነው ያለፈው? ከመንገዱ በፊት ነው ወይስ...» ብዬ ጠየቅኋት።

«ይህን ማለት ያስቸግራል፣ አባት። እኔ የማውቀው ቤት ብትወስዷት ኖሮ እሷንም አናገኛትም ነበር።»

ገመቹ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፣ ሳይጮህ፣ ሳያየኝ፦ «እራት ላይ እየሳቀች ነበር እኮ፣ ጋሼ።» ከዚያ ወዲህ ያናግረኛል፣ እግዜር ይመስገን ይለኛል፣ ሌላ ግን የለም።

ልጄ ሲሻላት፣ አስካለ በሌለችበት፣ መኪና ውስጥ ያለችኝን አነሳሁባት። «እንኳን ነገርሽኝ» አልኳት።

«ምን ነገርኩህ?»

«እንዳልተንቀሳቀሰ። ቤት አትውሰደኝ ያልሽኝ።»

«እኔ?» አለች። «አባባ፣ እኔ እኮ ተኝቼ ነበር። ደግሞ ከኡካ እስክንወጣ ሲራገጥ ነበር፣ ገሜ እጁን አስቀምጦ ሰምቶታል።» ገመቹን ጠየቅሁት። «ማንም አልተናገረም» አለኝ። እሱ ደግሞ ነቅቶ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ። የሳቀው ነገር ልጄን በመንገድ ሊያጠፋብኝ ነው ከመድረክ ያስወረደኝ? ወይስ ሊያተርፍልኝ? ነገ አትመጣም ብሎ የሳቀው፣ እኔው በዚያው ምሽት ስለማመጣት ይሆን? ሞተር ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር።

ለሊሳ የዚያን ቀን ሥራዬን በስልኩ ቀርጾት ነበር፣ አብረን አየነው። እኔ «ትመጣለች» ብዬ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ፣ የሚሰማው የዝናብ ጠብታ ብቻ ነው፣ ሳቅ የሚባል የለም። እስከዚህ ደህና ነው፣ አረጀሁ ብዬ ልተወው እችላለሁ። ግን ልብ ብላችሁ ስታዩት፣ ፊት የተቀመጡት ሁለቱ እንግዶች፣ አንዴ እኔን አይተው፣ በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ወደ ግራ ጥግ ያዞራሉ። ያዞሩና ፊታቸው ይለወጣል። ለሊሳ ሦስቴ መልሶ አየውና፣ «ጋሼ፣ ላጥፋው» አለኝ። አጠፋው። እንግዶቹ ስልክ ደውለውልኝ አያውቁም።

ያም ሆነ ይህ እኔ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ ሰው አይደለሁም። ሌሎች ያልደፈሩትን የኡካን መንገድ በጭቃ ሄጄበት ተመልሻለሁ፣ የራሴን ደጅ አልፌ ልጄን ሐኪም ቤት አድርሻለሁ፣ የልጅ ልጄን በገዛ እጄ በሠራኋት ሳጥን ቀብሬዋለሁ፣ ጓዳው ውስጥ የተሰቀለውን አዲስ መጋረጃ አስካለ ሳታይ አውርጃለሁ፣ አርባውን ቆጥሬ ወደ መድረክ ተመልሼ ያንን አዳራሽ አስቄዋለሁ፣ ፊቴን ወደ ግራ አዙሬ። አሁን ሰላም እንደገና አርግዛ ወሯ እየቀረበ ነው፣ ትናንት አስካለ የአራስ ገንፎውን ምጣኔ ስትለቅም ቀና ብላ «ታዲያ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ትመጣለች» የምትለዋን ቃል ከአፌ ሳላወጣ ጎንበስ ብዬ የታሰረውን ጫማዬን ፈትቼ እንደገና ማሰር ችያለሁ።