የዱያም በረንዳ

በእኛ ሰፈር አንድ ቤተሰብ በረንዳውን በመስታወት ሲዘጋ ጎረቤት ምክንያቱን አይጠይቅም። ልጃቸው ሊያገባ ነው። በባሕር ዳሯ ከተማችን በስፕሊት ቤት ጠባብ ነው፤ የሙሽሮቹ ክፍል የሚወጣው ከበረንዳው ነው። አሉሚኒየሙ ከመግባቱ በፊት ሰፈሩ ሙሽሪት ማን እንደሆነች ተነጋግሮ ይጨርሳል።

ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ከገበያ ስመለስ፣ የዱያም እናት የእትዬ የልካ በረንዳ ላይ ሁለት ሠራተኞች ሜትር ዘርግተው ሲለኩ ሳይ እግሬ ቆመ። ከሠራተኞቹ አጠገብ ፎቶ አንሺዋ ኦርኔላ ክንዷን መደገፊያው ላይ ጥላ ቆማለች። ፀጉሯን ነፋስ ያነሳዋል። ዱያም የሆነ ነገር ይነግራታል፣ በእጁ እያሳየ።

ዱያምን ያገኘሁት እዚያው ሕንፃ ሥር ነበር። ከስቶክሆልም ወደ አባቴ ቤት የመጣሁት በፀደይ ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ብዬ። እዚያ አርክቴክቸር ተምሬ፣ እዚያው ስሠራ ኖሬአለሁ። በሰሜን ያየሁት ሁሉ ልክ ነበር፤ ወንበሩ ለወገብ፣ መብራቱ ለዓይን፣ ዝምታውም ለጎረቤት። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ግን እዚህ ስመለስ ደግሞ የተሰበረ የደረጃ ጠርዝ ባየሁ ቁጥር አፌን የሚቀድመው የስቶክሆልም ስም ነው። እዚያ ሆኜ ይህን ሰፈር አወድሳለሁ፤ እዚህ ሆኜ ያንን። አባቴ ሺሜ፣ «አንቺን የሚያስደስትሽ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ወንበር ብቻ ነው» ይለኛል።

በዚያ ቀን መንገድ መሃል ቆሜ ወደ ላይ አንጋጥጬ ነበር። አንድ ሰው ሊገጨኝ ደርሶ ቆመ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ጥላውን እያየሁ ነው» አልኩት። በረንዳዎቹ ወደ ውስጥ ጠልቀው የተሠሩ ናቸው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል በኮንክሪቱ ላይ ጥላ በጥላ ይደረደራል።

ሰውየው ከእኔ ጋር አብሮ አንጋጠጠ። እንደዚያ አብሮኝ ዝም ያለ ሰው አላስታውስም።

«ሰባት ሰዓት ላይ ነይ» አለኝ በመጨረሻ። «ያኔ ይብሳል።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሄድኩ። በማግስቱም ሄድኩ።

ዱያም የመርከብ ውስጥ ክፍሎችን ዲዛይን ያደርጋል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በሌላ ነው። በረንዳውን ሊዘጋ ያሰበ ሰው ካለ በሩን አንኳኩቶ ይለምናል፤ የሕንፃውን መልክ አታጥፉ፣ ጥላው የሁላችን ነው ይላል። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩት «ዝም በሉ፣ የበረንዳው ቄስ መጣ» ይባባላሉ። እኔ የወደድኩት በዚህ ነው። ከስቶክሆልም መሥሪያ ቤቴ «እስከ ወሩ መጨረሻ መልስሽን እንጠብቃለን» የሚል መልእክት ሲመጣ ስልኩን ገልብጬ ያስቀመጥኩትም በዚህ ነው። አንድ ቃል ቢለኝ እቀር ነበር። ዱያም ግን ስለ ሕንፃ እንጂ ስለ እኛ አያወራም።

ከዚያ ኦርኔላ መጣች፣ ከጣሊያኗ ትሪየስቴ። በባሕሩ ዳርቻ ስላሉ የኮንክሪት ሕንፃዎች የፎቶ መጽሐፍ ታዘጋጃለች። ዱያም የካሜራዋን ማቆሚያ እግር ተሸክሞ ከጣሪያ ጣሪያ ይከተላታል። አንድ ቀን ሦስታችንም ኩትልፊሽ በሚሉት የባሕር ፍጥረት ቀለም የጠቆረ ሩዝ እየበላን ሳለ፣ ሁለቱ ስለ አንድ ሕንፃ ደረጃ ያወራሉ፤ እሷ ዓረፍተ ነገሩን ስትጀምር እሱ ይጨርሰዋል። ከንፈራቸው እኩል ጠቁሯል። እኔ ሹካዬን እያየሁ፣

«ስቶክሆልም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ደረጃ…» ስል፣

«ስቶክሆልም፣ ስቶክሆልም» አለ ዱያም እየሳቀ። «ታዲያ ለምን እዚያው አትሄጂም?»

ቀልድ ነው። ኦርኔላም ሳቀች። ጥርሷ ጥቁር ሆኖ እንኳ ታምራለች። ያን ማታ አባቴ ያቀረበልኝን ቆስጣ ሳልነካው ተነሳሁ።

እንግዲህ ያቺ ሴት ናት አሁን በረንዳው ላይ ቆማ የምታስለካው። ሰው ሁሉ በረንዳውን እንዳይዘጋ ሲለምን የኖረው ዱያም፣ ለእሷ ሲል የራሱን ይዘጋል።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ አባቴ ጋ ደርሷል። «የየልካ በረንዳ ሊዘጋ ነው አሉ።»

«ሰማሁ።»

«ሙሽሪት ማን ናት?»

«ጣሊያኗ ናታ።»

አባቴ ጋዜጣውን አጠፈ። «ጣሊያን በረንዳ ላይ አትተኛም» አለ። «ሄደሽ ጠይቂ።»

አልጠየቅኩም። ስልኬን አንስቼ ለስቶክሆልም መሥሪያ ቤቴ «እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ፊት ለፊት ልነግረው ፈለግኩ። እሷ ባለችበት ልነግረው ፈለግኩ። ሲደነግጥ ማየት አማረኝ፤ ካልደነገጠም፣ እንዳልደነገጠ አውቄ መሄድ።

በሩን የከፈተችው እናቱ፣ እትዬ የልካ ነበረች። ከኩሽናው የዓሣ ወጥ ይሸታል።

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ፣ አሁን ነው የወለወልኩት።»

«ዱያምን ፈልጌ ነው፤ ልሰናበተው።»

አልሰማችኝም። በረንዳ ላይ ጠብ ነበር፣ የምትጮኸው ኦርኔላ ናት። «አንተ ነህ የምትዘጋው? ማንም ቢሆን አልገረምም፣ አንተ? ነገ ጠዋት ይህን የሕንፃውን ፊት ፎቶ ላነሳ ስጠብቅ!»



እትዬ የልካ ክንዴን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝ። «እነሱን ተያቸው። ይልቅ መጋረጃው ምን ይሁን? እኔ ቢጫ ብያለሁ፤ ግን የምትተኚበት አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልዳር?»

«እትዬ፣ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ። ወደ በረንዳው ዞረች። «ዱያም። ይቺን ልጅ አልጠየቅካትም እንዴ?»

ዱያም በሩ ላይ መጣ። ጆሮው ቀልቷል። «በረንዳዬን እየዘጋሁ» አለ፣ «ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«በአፍህ ነዋ» አለች እናቱ።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ሰፈሩን ነው የምታገባው?»

ኦርኔላ ከኋላው ቆማ አየችኝ። የተሰነጠቀ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው ነበር አተያይዋ። «ለእሷ ነው?» አለች። ደስታ እንደ ሙቅ ውኃ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፤ ከሥሩ ደግሞ ሐፍረት ነበር።

ዱያም እጁን መደገፊያው ላይ አደረገ። ኮንክሪቱ ሲፈስ የያዘው ጣውላ ጅማት ላዩ ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ በጣቱ ተከተለው።

«ሠራተኞቹ ነገ ይመጣሉ» አለኝ። «አይዘጋ ካልሽ እነግራቸዋለሁ። ግን ሌላ የምንገባበት ቤት የለኝም፣ ቶንካ። አንቺ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ ትሄጃለሽ አሉ። አስቤ አስቤ ሌላ አልመጣልኝም።»

የተማርኩት ሁሉ አይዘጋ አለኝ። ጥላው ይቆረጣል፣ ጎረቤቱም የእሱን አይቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ሌላው። የበረንዳው ቄስ በረንዳውን ዘጋ ተብሎ ሲሳቅበት ይኖራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ኦርኔላን አየኋት፤ ካሜራዋን እንደ ልጅ አቅፋዋለች።

«ይምጡ» አልኩ።

«ስንት ሰዓት?»

«በጠዋት። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት።»

እትዬ የልካ በመሐረቧ አፏን ይዛ ሳቀች። ዱያምም ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። ኦርኔላ የካሜራውን እግር ራሷ ተሸክማ ወረደች። ያልላክኩትን መልእክት አጠፋሁት።

አሁን ክረምት ነው። ዩጎ የሚባለው የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ መጋረጃው ቢጫ ነው። ቀርቻለሁ። መቅረቴ ልክ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም፤ አንዳንድ ጠዋት አውቃለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይጠፋብኛል።

ዛሬ ጠዋት ዱያም ዳቦ ሊገዛ ወረደና ቆየ። መስታወቱን ገፋ አድርጌ ወደ ታች አየሁ። መንገዱ መሃል ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ያልተዘጉትን በረንዳዎች ያያል። ለሰው ሲሆን እንዲህ ዓይነት አተያይ ቤት ያፈርሳል። ኦርኔላ ሄዳለች፤ ይቺኛዋ፣ ሕንፃዋ፣ ግን የትም አትሄድም፣ የምኖረውም እሷው ውስጥ ነው።

«ምንድን ነው የምታየው?» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺን።»

ዋሸ። እሱ የቆመበት ቆሜ አይቻለሁ፤ እስክከፍተው ድረስ በዚህ ሰዓት የእኛ መስታወት ሰማይ እንጂ ሰው አያሳይም።

«ና ውጣ፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል።»

አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ላይ አየ። ከዚያ በሩን ገፍቶ ገባ። ሊፍቱን አልጠበቀም፤ ደረጃውን በሩጫ ሲወጣ እስከ ላይ ይሰማኝ ነበር።