የባሩድ ቀማሚው ሳል

ባላምባራስ ኃይለ ገብርኤል ከአንኮበር በታች ካለው የአርበኞች ዋሻ ደጅ ሲደርሱ የባሩድ ቀማሚው የገብረ ጻድቅ ሬሳ በጋቢ ተጠቅልሎ ተጋድሟል፤ ነጋዴዋ አፊፋ ደግሞ እጆቿን የፊጥኝ ታስራ አጠገቡ ተቀምጣለች። ባላምባራስ ጣሊያን ሳይመጣ ዳኛ ነበሩ፤ ነገር ሲያጣሩ ችኮላ አይወዱም። ዛሬ ግን ጊዜ የለም። ጀንበር ሳትጠልቅ ሴትዮዋ ልትረሸን ነው።

«መርዛዋለች!» አሉ የአርበኞቹ አለቃ ግራዝማች ወልደተንሣኤ። «ከአልዩ አምባ ማር አመጣችለት፤ በላ፤ ብዙም ሳይቆይ ደም እየተፋ ሞተ። በጣሊያን ኬላ እንደ ልቧ የምታልፍ ነጋዴ ናት። ባንዳ ነች።»

«ለምን ማር አመጣሽለት?» አሉ ባላምባራስ።

«ሳል ይዞት ነዋ! ለምኖኝ ነው። ወላሂ፣ እንደ ወንድሜ ነበር።»

ባላምባራስ ሬሳውን ገለጡ። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር አፈር አለ። አሸተቱት፤ ይሰነፍጣል።

«ይህ አፈር የየት ነው?»

«ከዋሻው ውስጠኛ ክፍል ነው» አለ አብዱልጀሊል፣ ከሟቹ ጋር አፈር ሲነፋ የከረመው የአልዩ አምባ ልጅ። «ለባሩድ የሚሆነው ጨው ከሱ ይወጣል።» ይህን ብሎ ፊቱን አዞረና የመጣበትን ሳል ዋጥ አደረገው። ባላምባራስ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ችቦ አስይዘው ገቡ። ጣሪያው በሌሊት ወፍ ተሸፍኗል። ከሥሩ ኩሱ ተከምሮ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል፤ ሲረግጡት ቡን ብሎ ተነሣ። አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው ፈጥነው ወጡ።

«አውጫጭ ይሁን» አሉ። «ሁሉም ይቀመጥ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሣም።»

ሰው ሁሉ ሲቀመጥ የማሩን ቅል አነሡና በጣታቸው ጠቅሰው ላሱ። አንድ ሰው «ኧረ!» ብሎ ጮኸ፤ ባላምባራስ ግን ቀጠሉ።

«ማሩ የመጣው ከሳሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ሳሉን ማር አላመጣውም። አብዱልጀሊል፣ አንተስ ሳልህን ለምን ትደብቃለህ?»

ልጁ አቀረቀረ። «ከዋሻው እንዳታስወጡኝ ፈርቼ ነው።»

«እሱንም መርዛዋለቻ!» አሉ ግራዝማች።

«ማሩን ቀምሰሃል?» አሉ ባላምባራስ ልጁን።

«አልቀመስኩም። ድስቴም ገበታዬም ለብቻ ነው፤ ሁሉም ያውቃል።»

«ስሙ እንግዲህ! አንዱ የክርስቲያን እርድ ይበላል፣ አንዱ የእስላም። አንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም። ዋሻው አፍ ላይ የምትተኙት ደግሞ አንዳችሁም አልሳላችሁም። ሁለቱ የተጋሩት ያንን አፈር ብቻ ነው። የሻገተ የእህል ጉድጓድ ከፍቶ ዘሎ የገባ ሰው ደረቱ ሲታፈን አላያችሁም? ይህም እንደዚያው ነው። የሌሊት ወፉ ኩስ ይሻግታል፤ ሲነፉት ከትንፋሽ ጋር ይገባል። ገዳዩ እሱ ነው። ሴትዮዋን ፍቷት።»

ፈቷት። አፊፋ ክንዷን እያሻሸች አለቀሰች።

«እኔስ፣ ባላምባራስ?» አለ አብዱልጀሊል። «መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

ባላምባራስ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«ያን አፈር ከተውን ባዶውን የጥይት ቀለህ በምን እንሞላዋለን?» አሉ ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ወዲያው ከደብረ ብርሃን በኩል የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። በዚያ ገደል ላይ ሌላ መጠለያ የለም፤ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ ዋሻው ሮጠ። ባላምባራስም ከሞት ያወጧትን ሴት እጅ ይዘው አስገቧት። ቦምቡ ሲወድቅ ጣሪያው ተናወጠ፤ የሌሊት ወፎቹ ተንጫጩ፤ ጥቁሩ አቧራ ከውስጥ እየጎረፈ መጣ።

«ባላምባራስ» አለች አፊፋ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «ገዳዩ ያሉት ይኸው ነው?»

«እሱ ነው። ጠጋ በይ፣ ሰው ይግባ።»