ፖስተኛው ጫማው ውስጥ የረሳው ዕቃ

እናንተዬ፣ ፍቅር በር አንኳኩቶ ሲገባ አይቼ አላውቅም። የእኔው በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው የገባው!

ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባበት፣ ለገና ሁለት ወር የቀረው ሰሞን ነበር። አባቴና እኔ ጫማ ሰፊዎች ነን። እሱ አሮጌውን ሶል ይገነጥላል፣ እኔ አዲሱን እሰፋለሁ። አፌ ስለሚወጋ ሰፈሩ «ወስፌ» ይለኛል። እንግዲህ ወስፌ እየተባለች ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላትን ሴት ማን ደፍሮ ይጠይቃት?

በሩ ብርግድ አለና አንድ ረጅም ፖስተኛ ገባ። ቦርሳው ትከሻው ላይ፣ ግራ ጫማው እጁ ላይ፣ ካልሲው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሶሉ... ጥሎኝ ሄደ» አለ።

«አንተን ጥሎ የት ሊደርስ?» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ጆሮው ድረስ ቀላ። አለቀልኝ! ሙጫ በእጄ እንደያዝኩ፣ እዚያው አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። አንዴ ሶል፣ አንዴ ተረከዝ። በዓል ሲደርስ ፖስተኛ ጥቅል ሲያመላልስ ይውላል፣ ጫማ ቢጨርስ ምን ይገርማል ብዬ አዘንኩለት።

በእኛ ሰፈር በቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ ልጆች ጫማቸውን በር ላይ ያኖራሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ስጦታ ያገኙበታል። በዚያ ዋዜማ ፖስተኛው ሌላ ጫማ አድርጎ መጣና የሥራ ጫማውን ጥሎልኝ ሄደ። ልሰፋ እጄን ብከት ጓንት! ቀይ፣ ሱፍ፣ የሴት።

ጓንቱን ለአባዬ አሳየሁት።

«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሴት አለችው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጓንቱ!»

አባዬ ከመነጽሩ በላይ አየት አደረገኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የእኛ ሱቅ ደንብ አለው። ጫማ ውስጥ የተገኘ ዕቃ ታስሮ ለባለቤቱ ይመለሳል። ስንት ቁልፍ፣ ስንት ቀለበት፣ አንዴ እንዲያውም የአንዲት አሮጊት ሰው ሠራሽ ጥርስ መልሰናል። ጓንቱንም ከረጢት ውስጥ ከትቼ በአሥር ዙር ክር አሰርኩት። ሲመጣ ሰጠሁት።

«እኔ... አልረሳሁትም እኮ... ማለቴ...»

«እኛ ከደንበኛ ምንም ነገር አንወስድም!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሞኟ እኔ፣ ጨዋነቴ ያስደነቀው መስሎኝ ነበር።

ገና ሳምንት ሲቀረው እንደገና ጫማ አመጣ። ርጥብ ስለነበር ምድጃው አጠገብ አኖርኩት። ትንሽ ቆይቶ ሱቁ በሙሉ ቸኮሌት ቸኮሌት ሸተተ። ብሮጥ ምን ዋጋ አለው? ውስጡ የነበረው ቸኮሌት እስከ ጫማው ጫፍ ድረስ ቀልጦ ገብቷል! በማንኪያ ጠርጌ፣ ደንብ ደንብ ነውና፣ እሱንም ከረጢት ውስጥ ከተትኩት።

«ትልቅ ሰው ጫማ ውስጥ ቸኮሌት ያስቀምጣል? ጉንዳን ልታረባ ነው?» አልኩት ሲመጣ፣ ከረጢቱን እያቀበልኩ።

እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

«ገብቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛ አላስቸግርሽም። ዛሬውኑ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ሌላ ከተማ ሄጄ ብሠራ ይሻላል።»

«መልካም መንገድ!» አለች ይቺ ምላሴ። ልቤ ግን «አትሂድብኝ» እያለ ይጮኻል። ለአባዬም አልነገርኩት። ምን ብዬ?

የገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ስለ ስጦታ ሰበኩ።

«ቅዱስ ኒኮላስ ለድሆቹ ልጃገረዶች ስጦታ ሲሰጥ ተደብቆ ነበር። ፊት ለፊት መስጠት የሚያፍር ሰው ጫማ ውስጥ አኑሮ ይሄዳል...»

«ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ምእመኑ ሁሉ ዞረ። ቄሱም ምን ይበሉ፣ «አሜን» አሉ። አባዬ በቀሚሴ ጎትቶ አስቀመጠኝ።

«አሁን ገባሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታውቅ ነበር?»

«ልጄ፣ የዚያ ሰውዬ ሶል በመንገድ ያለቀ መሰለሽ? በቢላ እየላጠ ነው የሚያመጣው! የምገነጥለው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በየሳምንቱ የሚመጣ ደንበኛ ይነካል እንዴ?»

«አባዬ... ሊሄድ ነው እኮ! ዝውውር ጠይቋል።»

ፊቱ ተለወጠ። «ምን? ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ግን የገና ዕለት ስለሆነ ፖስታ ቤት ዝግ ነው። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁት እኔና ትራሴ ብቻ ነን የምናውቀው።

በማግስቱ ሰልፉ ከፖስታ ቤቱ በር ወጥቷል። ጥሼው ገባሁ።

«ሴትዮ፣ ተራሽን ጠብቂ!» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ።

«የእኔማ ተራ ሊያልፈኝ ነው፣ ወንድሜ!»

ፖስተኛው ከባንኮኒው ጀርባ ጥቅል ይለያል። ሲያየኝ የያዘው ወደቀ።

«ጓንቴን ስጠኝ!» አልኩት።

«ከደንበኛ አንወስድም አላልሽም?»

«የረሳኸው መስሎኝ ነው! ለሌላ ሴት የገዛኸው መስሎኝ ነው! በአሥር ዙር ክር ያሰርኩት እየቀናሁ ነው! እወድሃለሁ፣ ይኸው ተናገርኩ!»

ወፍራሙ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጓንቱን...» አለ ባንኮኒውን እያየ፣ «ለእህቴ ሰጠኋት።»

«ቸኮሌቱስ?»

«ተናድጄ... በላሁት።»

«ከጫማ የተጠረገውን?!»

«በጣም ተናድጄ ነበር።»

ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። የምፈራውን ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

«ዝውውሩስ?»

ከኋላ ኃላፊዋ መለሱልን፦ «ደብዳቤው እዚህ ጥቅል ሥር የሆነ ቦታ ተቀብሯል! በዓሉ ሳያልፍ ማን ያወጣዋል?»

«እንደተቀበረ ይቅር፣ እትዬ» አላቸው ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል።

«እንግዲህ ጓንቱ የለ፣ ቸኮሌቱ የለ...» አልኩት። «ለእኔ ምን ቀረኝ?»

«እኔ» አለ። «እኔ አለሁልሽ።»

ባንኮኒው ላይ ተንጠራርቼ አንገቱን አቀፍኩት። መሀላችን የነበረው ጥቅል ጭፍልቅ አለ፤ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም። እሱ ጆሮዬ ሥር ስሜን ሲጠራ እንባዬ ዩኒፎርሙ ላይ ይወርዳል፣ ሰልፉ ያጨበጭባል።

ከፋሲካ በኋላ ስንጋባ፣ ያን ቀን ተሰልፈው ከነበሩት አሥራ አራቱ ሳይጠሩ መጡ።