ሰርግ የማያልፍበት መንገድ

«ውረድ! መቃብር ነው እንጂ ወንበር አይደለም!»

ዝቮንኮን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገርኩት እንዲህ ነው። መኪናው ተበላሽታበት፣ ከሰፈራችን በታች ካሉት ጥንታዊ ጥርብ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ቁጭ ብሎ በለስ ይበላል። ከእግሩ ሥር መዳፉን የዘረጋ ሰው ተቀርጿል።

«ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ቅር ያለው አይመስልም» ብሎ ሳቀ። እኔንም ሳቅ አመለጠኝ... በዚያው ወደድኩት።

ቀለበት አደረገልኝ። ከዚያ ጣጣው መጣ!

እኛ የሄርዘጎቪና ሰዎች ድንጋዮቹን «የሰርገኞች መቃብር» እንላቸዋለን። ድሮ የሁለት ሰርግ አጃቢዎች እዚያ ተገናኝተው፣ ማን ይለፍ ማን ተባብለው ተላልቀዋል ይባላል። ስለዚህ የዝቮንኮ እናት እትዬ ያንያ «ሰርግ በዚያ አያልፍም!» አሉ። ወደ ቤታችን ደግሞ ሌላ መንገድ የለም።

«ኔዳዬ፣ ከተማ አክስትሽ ቤት ሆነሽ ብወስድሽስ?» አለኝ ዝቮንኮ።

«አባቴ ‹ልጄ የምትወጣው ከደጄ ነው› ብሏል። አንተ እኮ መቃብሩ ላይ ተቀምጠህ በለስ የበላህ ሰው ነህ!»

«እናቴን ምን ላድርጋት?»

ኡፍ! ስንት ጊዜ «እነግራታለሁ» ብሎ ስንት ጊዜ አፉን ዘግቶ ተመለሰ! አንጀቴ እርር አለ።

የሰርጉ ቀን አባቴ ራኪያ የምንለውን አረቄ ይዞ እንግዶቹን ሊቀበል በር ላይ ቆመ። ቀትር አለፈ። የመኪና ጡሩምባ ከታች ይሰማና ይጠፋል። ቬሎዬን ሰብስቤ ቁልቁል ወረድኩ። መኪኖቹ ከድንጋዮቹ ወዲያ ተደርድረዋል፤ ዝቮንኮ ከፊታቸው ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ነይ፣ ከዚሁ እንሂድ» አለኝ።

«ወይ ከአባቴ ደጅ መጥተህ ውሰደኝ፣ ወይ ሰርገኞችህን ይዘህ ተመለስ። መለመን ሰልችቶኛል!» እንባዬ ቀደመኝ።

መኪና ውስጥ ያሉትን እናቱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ብቻውን በድንጋዮቹ መሃል መራመድ ጀመረ።

«ተመለስ! አንተ ደረቅ!» እትዬ ያንያ ከመኪናው ወረዱ።

አልቆመም። እሳቸውም አማትበው፣ እያለቀሱ፣ እየሮጡ ድንጋዮቹ መሃል ገቡ። ደርሰው በአንድ እጃቸው እሱን፣ በሌላው እኔን ያዙን።

«እማዬ፣ አላልፍም ብለሽ...»

«ዝም በል! የሚደርስብህ ካለ እኔንም ያግኘኝ። ልጄን ብቻውን አልሰድም!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ? አባትሽ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ምሪን!»

ያን ያህል ያናደዱኝ ሴትዮ እጄን አልለቀቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ፣ እማዬ» አልኳቸውና ሦስታችን ዳገቱን ወጣን።