በጨርቅ የታሰረ አመድ

የኔታ ፍሬ ስብሐት የቅኔ ቤት ጓደኛቸውን መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ሊጠይቁ ከደልጊ በጀልባ ተሻግረው ዘጌ በገቡ ማግስት፣ በእንግድነት ከተኙበት አልጋ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ሸዋዬ ከባሕር ዳር ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ገዳይዋ የቤቱ እመቤት ፅጌ ማርያም ናት፤ ከራት በኋላ ለእንግዳው ተልባ በጥብጣ ያቀረበችው እሷ ናትና። ጎረቤቱ ሁሉ ከእጇ ውሃ አልቀበልም ብሏል። ፅጌ ማርያም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ አጉብጧታል።

ሸዋዬ ሰውን ከመጠየቋ በፊት ቤቱን የምትጠይቅ ሴት ናት። የሟቹ አልጋ የተነጠፈው መስኮት በሌለው ጓዳ፣ ከጎታው አጠገብ ነው። በጎታው ያለው ስንዴ መገበሪያ ነው፤ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ስለሆነ ነቀዝ የበሳው ፍሬ አይገባበትም። የቤቱ ጌታ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ይህን ስንዴ ያለ መድኃኒት፣ በደረቀ የግራዋ ቅጠልና በአመድ ብቻ በመጠበቅ አገር ያወቃቸው ናቸው። ከሳቸው በቀር ጎታውን የሚከፍት የለም።

ጓዳው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አልጋው ሥር አንዲት አይጥ ሞታለች። ተልባው ግማሹ ተጠጥቶ፣ ዋንጫው እንደተከደነ ራስጌ ተቀምጧል።

ጀልባ ነጂው አምባቸው ከሟቹ ጋር ከአንድ መሶብ መብላቱን ተናገረ። ወጡ ሽሮ ነበር፤ የኔታ ቃር ስላለባቸው ነጭ ሽንኩርት እንኳ አልገባበትም። መሪጌታ በራት ላይ ዘንድሮም አንዲት ነቀዝ ስንዴዬን አልደፈረችውም ብለው ሲኩራሩ፣ የኔታ እጃቸውን ዘርግተው መርቀዋቸዋል።

«እንግዳው ጓዳ እንዲተኙ ያደረገ ማን ነው?» ስትል ሸዋዬ ፅጌ ማርያምን ጠየቀቻት።

«እኔው ነኝ። ደጅ ያለው መደብ ዝናብ ገባበት። ለመሪጌታም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ዝም አሉ። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ተውሁት።»

ሸዋዬ በጭቃ የተመረገውን፣ ምርጉ ደርቆ የተሰነጠቀውን የጎታውን አፍ አስከፈተች። ከላይ የተነሰነሰው ግራዋ ገና አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ነቀዙ በየፍሬው መሐል ረግፏል። ስንዴው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘች። ያን ጊዜ ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ከተልባው ልጀምር» አለች። «አይጧ የተከደነ ዋንጫ ከፍታ ጠጥታ መልሳ አልከደነችም። ስለዚህ ሁለቱን የገደለው የተነፈሱት ነው እንጂ የጠጡት አይደለም። ሽታውም ከወጡ አልመጣም። ግራዋ ደግሞ ነቀዝን ያባርራል እንጂ አይፈጅም፤ ቅጠል የሸሸ ነቀዝ ግድግዳ ለግድግዳ ሲሄድ ይገኛል። ይኸኛው ባለበት አልቋል። ግራዋ ሳይደርቅ ከገባ እህሉን እንደሚያሻግተውም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እርጥቡ ቅጠል የተደረገው ለነቀዝ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው።»

ቋጠሮውን ፈታችው። ውስጡ ግራጫ ዱቄት ነው።

«አመድ ነው» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አመድ ይነሰነሳል እንጂ በጨርቅ አይታሰርም፣ መሪጌታ። የሚታሰረው የነቀዝ ክኒን ነው፤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸተውን መርዙን ተንፍሶ ሲያበቃ እንዲህ አመድ ይመስላል። የጎታውን አፍ የመረጉበት ጭቃ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የወጣው መርዝ እንግዳዎን ገደለ።»

መሪጌታ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

«ነቀዝ ገባበት» አሉ። «እኔ የምከበረው በዚህ ስንዴ ነው። አፈርሁና ክኒን ገዝቼ ደበቅሁበት።»

«ጓዳ አስተኛኋቸው ስትልዎትስ?»

«ጓዳስ አይተኙ ብል፣ ለምን? ልባል ነው። ያን ሁሉ ከመረቁኝ በኋላ ምን ብዬ ልመልስ? ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናሉ ብዬ ተኛሁ። ጧትም መንደሩ ተልባው ነው ሲል፣ ዝም አልሁ።»

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሸዋዬ የሰው ገመና ስትገልጥ የኖረች ብትሆንም፣ የሚስትን ስም ከስንዴ ያሳነሰ ባል ፊት መቆሙ እሷኑ አሳፈራት።

ፅጌ ማርያም ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሣች።

«ነቀዝ ገባበት ቢሉኝ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቁጭ ብዬ እለቅመው ነበር።»

መሪጌታ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።