የአባይነሽ የአንገት ብር

ብር መርማሪው ሰጠኝ የሞተው ተቀምጦ ነው። ፒያሳ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤቱ፣ ብር የሚያጥብበት አመድና ሎሚ ከፊቱ እንደቀረበ፣ በገዛ መዶሻው ማጅራቱን ተመትቶ ተደፍቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ አንድ ጠገራ ብር ጨብጦ ነበር።

ብሩ የአባይነሽ ነው። አዲሱ የወረቀት ብር በወጣ በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ የጠዳዋ ባልቴት የምትዘራው አጣች። በሕይወት የሌለው ባሏ ያሰረላትን ብር ከአንገቷ ፈትታ «ሰጠኝ ዋጋውን ይንገርህ፤ ሸጠህ ዘር ግዛ» ብላ ልጇን አድማሴን ላከችው። ሰጠኝ ጠገራ አጥቦ ዋጋውን ከተናገረ የሚከራከረው አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ወሬው ደርሷት እየሮጠች ስትመጣ፣ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ልጇ የፊጥኝ ታስሮ አገኘች። የሚጠብቀው ገመድ መሆኑን ማንም አልደበቃትም። እኔው ነኝ የላክሁት፣ አለች በልቧ፤ በገዛ እጄ ሰቀልሁት።

መርማሪው መቶ አለቃ አላምረው ብሩን እያገላበጠ ከልጁ ጀመረ።

«ዋጋውን ነገረህ?»

«የለም ጌታዬ። ‹ቆሻሻው ብዙ ነው፣ አጥቤ እስካየው ዞር ዞር በል› አለኝ። ስመለስ ተደፍቶ አገኘሁት።»

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው የብር ነጋዴ አቶ ነጋ ግን ሌላ ተናገረ። «ሱቄ ደጃፍ ሆኜ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰጠኝ ‹የብሩ ሴትዮ ትከሻ ላይ ያለው ፈርጥ ተፍቋል፣ ዘጠኙ ነጥብ ካልታየ ግማሽ ዋጋም አያወጣም› አለው። ልጁም ‹ልትዘርፈኝ ነው!› ብሎ ጮኸ።»

«ገብተው አላዩም?»

«ከፋሲካ ወዲህ ይህን ቤት ረግጬው አላውቅም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ፊቷን ወደ አባይነሽ ደረት አዙራ ስትፈተግ ኖራለች፤ እንዴት አይፋቅ? የልጇን ቁጣም ታውቀዋለች። ለአፍታ ያህል ጠረጠረችው፤ ወዲያው በራሷ አፈረች።

የመጨረሻው ተጠያቂ ጠዋት ከሰጠኝ ቤት ሲወጡ የታዩት የደብሩ ገበዝ አባ ወልደኢየሱስ ናቸው። መቶ አለቃው ወደ ጓሮ ወስዶ ብዙ አነጋገራቸው። ሲመለስ የሰጠኝን ሞረድ ከመደቡ ላይ አንሥቶ በጣቱ አሻሸና ሁሉንም ወደ ውስጥ ጠራ።

«አባ፣ ሰጠኝ ሳያጥብ ዋጋ ይናገር ነበር?»

«በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም።»

አላምረው ብሩን ከፍ አደረገው። ወፉ ያለበት ገጽ ነጭ ሆኗል፤ የሴትዮዋ ፊት ግን በጥቁር እድፍ እንደተሸፈነ ነው። «ግማሹን አጥቦ ሞተ። ታዲያ ያላየውን ፈርጥ እንዴት ተፍቋል አለ?»

ነጋ ፈገግ አለ። «ይህ ምን ማየት ያሻዋል? የአንገት ብር ሁሉ ደረት ይፍቀዋል።»

«ሸጋ! እንግዲያ ይታጠብ። እናቴ፣ ብሩ የእርስዎ ነው፤ ይጠቡት።»

አባይነሽ ተቀብላ በአመድ አሸችው፤ አልለቀቀም። ሎሚ ጨመቀችበት፤ አልለቀቀም። ጨነቃትና በጥፍሯ ብትፍቀው እድፉ እንደ ልጥ ተላጠ። ሰም ነበር። ያን ጊዜ ትዝ አላት፦ ባሏ ብሩን ያሰረላት ዕለት ጧፍ አብርቶ ሲያንጠባጥብበት «ምነው ታቆሽሸዋለህ?» ብትለው ስቆ ማንጠባጠቡን ቀጥሎ ነበር። ለካ እንዳይፋቅ ኖሯል።

ከሰሙ ሥር ሴትዮዋ ትናንት እንደተቀረጸች ሆና ወጣች። አባይነሽ በፈርጡ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ነካቻቸው። «ዘጠኝ» አለች እያለቀሰች። «ዘጠኙም አሉ!»

«አቶ ነጋ፣» አለ አላምረው፣ «የሰሙት ቃል የለም። የነጋዴ ግምትዎን በሞተ ሰው አፍ አስገቡ። ለምን? ይህ ሞረድ የእርሳስ ብናኝ ይዟል፤ የእናታችን ብር ጥሩ ብር ነው፣ ሞረድም አልነካውም። ሰጠኝ ከእርሳስ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ሲያገኝ ባለቤቱ ሳያውቅ ጠርዙን በሞረድ ይበጣዋል፤ ምልክቱን የነገረው ለአባ ብቻ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባውን ብር እንዲለዩበት። ቦርሳዎን ይክፈቱ።»

ነጋ ወደ በሩ ዞረ፤ አንድ ፖሊስ ቆሞበታል። ቦርሳው መደቡ ላይ ሲዘረገፍ ሰባት ብሮች ጠርዛቸው ላይ ትኩስ ብጣት ነበራቸው።

«ጠዋት መርምርልኝ ብዬ ትቼለት ሄድሁ» አለ ነጋ። «ስመለስ ‹እርሳስ ነው፣ ለመንግሥት እናገራለሁ› ብሎ ወረወረልኝና ወደ እጥበቱ ዞረ። ብለምነው አላየኝም።»

የአድማሴ ገመድ ተፈታ። አላምረው ብሩን በመሐረብ ጠቅልሎ አባይነሽን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እናቴ፣ ሙሉ ዋጋ ያወጣል። ግን እስከ ፍርዱ ድረስ ማስረጃ ነው፤ ልሰጥዎት አልችልም።»

«ፍርዱ መቼ ነው?»

«ምናልባት መስከረም።»

የሰኔ ዘር በመስከረም አይዘራም። ይህን ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል።

«ይቆይ» አለች አባይነሽ። «ልጄን ስጡኝ።»

የአዘዞን መንገድ ይዘው ሲወርዱ ሰማዩ አጉረመረመ። «እማዬ፣ ዘሩስ?» አላት አድማሴ። ገመዱ የላጠውን እጁን ይዛ ጠዳ እስኪገቡ ድረስ አለቀቀችውም።